በባሮ ዳር ውሃ ከልካይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጋምቤላ ሰው ሁሉ ወገቡን ያሳየኛል። ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ሻጯ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ «ሲስተር፣ ይሄ ኩላሊቴ እንቅልፍ ነሳኝ እኮ» ትለኛለች። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ «ሲስተር፣ ኩላሊት ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ሲንገጫገጭ የሚውል ሰው ወገቡን ባያመው ነበር የሚገርመኝ፤ እሱ ግን ሁሉንም በኩላሊቱ ያላክካል። በሥራ ዘመኔ እንደ ኩላሊት ባላጠፋው ጥፋት የሚታማ የሰውነት ክፍል አላጋጠመኝም።

እውነተኛው የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም። ጠዋት ዓይን ሥር ያብጣል፣ ማታ ጫማ ይጠብባል፣ ሽንት ያንሳል ወይም መልኩን ይለውጣል፣ ባለቤቱም «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። የሚሰማኝ ጥቂት ነው፤ እኔም ግን መናገሩን አልተውኩም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ በሽኝቴ ዕለት አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ነርስ ናት። ኬኩ ተቆርሶ፣ ንግግሩ ተደርጎ፣ ሰው ሁሉ ጨዋታ ከያዘ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሲስተር በላይነሽ፣ የኩላሊት እጥበት ባልነበረበት ዘመን ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበትን ሰው ምን ታደርጉት ነበር?» አለችኝ።

«እንጠብቀው ነበር» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። መጠበቅ ምን ያህል ሥራ እንዳለው በዚያ ጫጫታ መሃል ላስረዳት ስላልቻልኩ ነው አሁን የምጽፈው።

እኔ የመቱ ልጅ ነኝ፤ ዝናብና ጭጋግ ያሳደገኝ። ወደዚህ የተመደብኩት ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል በሆነችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። የቢሮዎቹ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ዛሬ አንድ ቢሮ የነበረው ቤት በማግስቱ የሌላ ቢሮ ታፔላ ተሰቅሎበት ይገኛል። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንገሩ፣ ከደጋ የመጣነውም ሁላችን በአማርኛ እየተግባባን፣ አንዱ የሌላውን አማርኛ እያረመ፣ አንዳንዴም እያበላሸ፣ ሥራ ጀመርን። ደመወዝ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ የሠራሁት አቦቦ ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ከአገሬው ገበሬ ጎን ለጎን ያርሳሉ። አገሬው ፀሐይዋን ያውቃታል፤ ስትከር ጥላ ሥር ይገባል፣ ውሃውን በቅል ይዞ ይወጣል። የእኛ ሰዎች ግን እንደ ደጋው ከጧት እስከ ማታ ወገብ አያቀኑም። የወንዙን ውሃ ስለሚፈሩ አይጠጡም፤ የተፈላ ውሃ ይዞ መውጣትን ደግሞ እንደ ቅምጥልነት ይቆጥሩታል። ከዚያ ሸሚዛቸው ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቆ፣ ራሳቸውን እያዞራቸው፣ «ኩላሊቴን» እያሉ ይመጣሉ።

«ሽንታችሁን እዩት» እላቸው ነበር። «ጠላ ከመሰለ ጠጡ። ውሃ ከመሰለ በርቱ።»

አንድ ሽማግሌ ሰፋሪ በዚህ ክፉኛ ተቆጡ። «ስንት አገር አቋርጠን የመጣነው ሽንታችንን ልንመረምር ነው?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ገበያ ላይ አገኙኝና ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ዛሬ ነጣ» አሉኝ። በዚህች ሥራ ላይ ከተሰጡኝ ምስጋናዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ከተማ ተዛውሬ፣ ወንዙ ዳር ባለች ጥቂት አልጋዎች ባሏት ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሐኪም ተመድቦላታል ቢባልም ገና አልደረሰም ነበር። እሱን ስንጠብቅ ነው ሰይፉ የመጣው።

ሰይፉ በዲማ ወርቅ የሚቆፍር የደጋ ልጅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ተቅማጥና ትውከት ይዞት፣ ሙቀቱ ላይ ያለ ውሃ ሰንብቶ፣ ጓደኞቹ በጭነት መኪና ጭነው አመጡት። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ምላሱ ደርቋል። ጉሉኮስ ሰቀልንለት፤ ያ ትክክል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ ስማቸውን እየጠራ ጓደኞቹን ሲያነጋግር ክፍሉ ሁሉ ደስታ ሆነ። ሽንት ግን አልሸናም። ኩላሊት ደም በቂ ሆኖ ካልደረሰው ቆይቶ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ውሃ ስለሰጡት ብቻ ወዲያው አይከፈትም። ይህን ከእኛ መሃል በሚገባ የሚያውቅ አልነበረም።

በዲማ ሰዎች ዘንድ ጓደኛ አይጣልም። እነዚያ ወጣቶች ከመድኃኒት ቤት ጉሉኮስ በካርቶን ተሸክመው መጡ። ዛሬም ቢሆን ሰዋችን ከበላዩ የተሰቀለ ጉሉኮስ ካላየ ታከመ አይልም። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ሰቀልን። የሰይፉ ፊት ሞላ፣ ጉንጩ ወጣ። ጓደኞቹ እየተጠራሩ መጡና «ሰውነቱ ተመለሰ! አያችሁ? ወፈረ እኮ!» ተባባሉ። አንደኛው እንዲያውም «እዚሁ ብትተኛ ትሻላለህ፣ ዲማ ያከሳሃል» ብሎ ቀለደበት። ሰይፉም ሳቀ።

የሞላው ሥጋ አልነበረም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነበር። ቀጥሎ ውሃው ሳምባው ውስጥ ገባ። መተኛት አቃተው፤ ተቀምጦ አረፋ እያሳለ በጠራራ ቀን አረፈ። ጓደኞቹ ምን እንዳጎደሉ አልገባቸውም። ያጎደሉት የለም፤ የሞተው ሁላችንም ባለን አቅም ስንረባረብለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ በደግነት የመጣ ሞት ግን አላየሁም።

ሐኪሙ ዶክተር ታምሩ በዚያው ሰሞን ደረሰ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰንደል ጫማ የማያወልቅ ሰው። የሰይፉን ታሪክ ስንነግረው ቆሞ ሰማ። ማንንም አልወቀሰም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ምን ያህል ሸና?»

የሰጠነውን እናውቃለን፤ የወጣውን አላየንም።

በማግስቱ ጠዋት የዘይት ጀሪካን አሳጥቦ አንገቱን ቆረጠው። በትልቅ መርፌ ውሃ እየለካ ያፈስበትና ውሃው በደረሰበት ሁሉ በጋለ ምስማር መስመር ያሰምርበታል። ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ መስመሩ እንዳይዛነፍ እስትንፋሱን ይዞ ነበር የሚሠራው። ለየአልጋው አንድ አንድ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ሲዞር ከሰላምታ በፊት ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ጀሪካኑን ያነሣል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል፣ ያያል። የበሽተኛውን ፊት የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። በሽተኞቹ መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። ኋላ ላይ ግን ደህና አድርጎ የሸና ሰው ዶክተሩ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶት ከሩቅ ይጠራው ጀመር።

ሌላው ልማዱ አውራ ጣቱ ነው። የበሽተኛውን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይቆይና ይለቃል። ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ውሃ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ሚዛን። የሰው ሚዛናችን የተሰበረ ስለነበረ ከአንድ እህል ነጋዴ የጆንያ ሚዛን ለምኖ አመጣ። «በአንድ ቀን የሚጨምር ክብደት ሥጋ አይደለም፣ ሲስተር» አለኝ። «ሥጋ እንዲህ አይቸኩልም። ውሃ ነው።» ሰይፉን አሰብኩና ፊቴን አዞርኩ።

ላቦራቶሪያችን ብዙ ነገር አልነበረውም። ሽንት በመስታወት ቱቦ ይዞ ላዩን በእሳት ማሞቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጤነኛ ሽንት ቢሞቅ ጠርቶ ይቀራል። ኩላሊት የተጎዳበት ሰው ሽንት ግን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፤ አሲድ ጠብ ሲደረግበትም ካልጠራ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ነገር አምልጧል ማለት ነው። ቱቦውን አጋድሎ መያዝ፣ አፉን ከራስም ከሰውም ማዞር፣ ታችኛውን ለማነጻጸሪያ ሳያሞቁ መተው፤ ይህን እጄ እስኪለምደው ደጋገምኩት።

አንድ ቀን እየሠራን «ኩላሊት እንግዲህ ወንፊት ነው አይደል?» አልኩት፣ ያወቅኩ መስሎኝ።

«ወንፊት ብቻ ቢሆንማ በአንድ ቀን ደርቀን እንሞት ነበር» አለ። «ለዓመት በዓል ቤት ሲጸዳ አይተሻል? መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከዚያ የሚፈለገው እየተመረጠ ይመለሳል፤ ቆሻሻው ደጅ ይቀራል። ኩላሊትም እንዲህ ነው። ውሃውን፣ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ቆሻሻውን ከደም ያወጣዋል፤ ከዚያ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ለቅሞ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያወጣና ሲመልስ ይውላል። በላብሽ ብዙ ውሃ ከሄደ ብዙውን ይመልሳል፤ ሽንትሽ ጥቂትና ወፍራም ይሆናል። ብዙ ከጠጣሽ ትርፉን ይለቃል። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ሙያው መመለሱ ላይ ነው።»

መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ። ያን ቀንም ነው፣ ዳግመኛ በእጄ ላይ ሰው በውሃ እንዳይሞት የማልኩት። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ደግሞ እልኽ ያስፈልጋል።

ኦባንግ የመጣው የማንጎ ወቅት ሲገባ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርና የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ነበር፤ የአኙዋ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ወባ ጥሎት መጣና በሁለተኛው ቀን ሽንቱ ኮካ ኮላ መሰለ። ይህ ዓይነቱ ወባ ደም ሲያፈርስ፣ የፈረሰው ደም ኩላሊትን ይደፍነዋል። መድኃኒቱ ሠርቶ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ሽንቱ ግን ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ዶክተር ታምሩ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ባዶ ነበር።

ውጭ ጠራኝ። «አዲስ አበባ ብንልከው መንገዱ አያደርሰውም፤ ቢደርስም የሚያጥብ ማሽን ስለማግኘቱ እርግጠኛ አይደለሁም» አለኝ። «ግን አንዳንዴ ኩላሊት አይሞትም፣ ይደነግጣል። የደነገጠ ኩላሊት በራሱ ጊዜ ይነቃል። እኛ ልንቀሰቅሰው አንችልም። እስኪነቃ ድረስ ግን ባለቤቱን ማቆየት እንችላለን።»

ሕጉን አወጣን። ኦባንግ የሚጠጣው ትናንት ያወጣውን ያህልና በላብ ለሚሄደው ጥቂት ብርጭቆ ብቻ ነው። ጨው የለም። ማንጎና ሙዝ ፈጽሞ የለም፤ ውስጣቸው ያለው ጨው መሰል ነገር መውጫ ካጣ ልብን በድንገት ያቆማል። የሚበላው ማርና ዘይት ያለበት ገንፎ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። እስቲ በጋምቤላ በበጋ፣ ባሮ በመስኮት እየታየ፣ ለተጠማ ሰው ውሃ ከልክሉ! ደግሞ ጠያቂ አለ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከእጁ አንድ ነገር ሳያጠጣ ከሄደ እንደመጣ አይቆጠርም። ደገኛው ለስላሳና አጥሚት ይይዛል፤ የኦባንግ ሰዎች ደግሞ ውሃ፣ ቦርዴ የሚባለውን የእህል መጠጥና ማንጎ ይዘው በመዝሙር መጡ። እያንዳንዱ አንድ ጉንጭ ቢያስጎነጨው የመዘምራኑ ቡድን ብቻ ይገድለው ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ዕቃውን ሁሉ ተቀብዬ ደጅ አስቀመጥኩ። አኮረፉኝ፣ ሰደቡኝ፣ አንዳንዱም ጸለየልኝ።

የባሰችው እናቱ ናት። አቻላ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ዓሣ የምትሸጥ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፤ ከተማው ሁሉ ማማ አቻላ ይላታል። ወንድና ሴት ሳትለይ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የምትለው። እኔም አንቱታ ስለሚያራርቀን ትቼ አንቺ እላት ነበር።

«ሲስተር፣ አንተ ልጅ አለህ?» አለችኝ በሩን በትከሻዋ እየገፋች።

«የለኝም፣ ማማ።»

«ለዚህ ነው። ባሮ እዚያ ነው። አየህ? ሙሉ ነው። ልጄ ባሮ አጠገብ በጥማት ይሞታል?»

እጇን ይዤ ደጅ አስቀመጥኳት። የሰይፉን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ፊቱ ሲሞላ ጓደኞቹ ምን ያህል እንደተደሰቱ፣ ተቀምጦ እንዴት እንደሞተ። አልደበቅኳትም። «የልጅሽ መውጫ ተዘግቷል» አልኳት። «በላዩ ብታፈሺበት ሳምባው ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ጥማት ያሠቃየዋል፣ ግን አይገድለውም። ውሃው ነው የሚገድለው።»

«ስንት ልስጥ?» ብላ ጠየቀች። የሻይ ብርጭቆ አሳየኋትና «ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንድ አንድ» አልኳት። ብርጭቆውን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው።

ከዚያ በኋላ እኔ ከበሩ ተነሣሁ፤ ማማ አቻላ ቆመችበት። ዓሣ ገበያ ላይ የጠነከረ ድምፅ አላት፤ ፓስተሩን እንኳ ከነጠርሙሱ መለሰችው። «ጸልይ፣ አታጠጣ!» ስትል የሌሎች በሽተኞች ጠያቂዎች ጭምር ይደነግጡ ነበር። ጠያቂው ሁሉ እንዳይከፋ ጥጥ በውሃ ነክሮ ከንፈሩን እንዲያርስለት ፈቀድን፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ በተራ ያርሱለታል። ማንጎው ደጅ ተከምሮ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ጠገበ።

ኦባንግ ግን እየደከመ ሄደ። ቆሻሻው ደሙ ውስጥ ተከማችቶ ስቅታ ያዘው፣ ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ያነሣል፣ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። እኔ የሳምባውን ሥር አዳምጣለሁ፣ ቅልጥሙን እጫናለሁ፣ በጆንያ ሚዛኑ ላይ ከእናቱ ጋር ደግፌ አቆመዋለሁ። ክብደቱ አልጨመረም። እያሸነፍን መሆናችንን የሚናገረው ይኸው ሚዛኑ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። «ሲስተር፣ ተማሪዎቼ ውሃ ልጠጣ ብለው ሲያስፈቅዱኝ ‹ቁጭ በል› እል ነበር» አለኝ በደረቀ ከንፈሩ። «ከዚህ ከወጣሁ አንዱንም አልከለክልም። ሁሉም ይውጡ።»

ብርጭቆው እጄ አጠገብ ነበር። አልሰጠሁትም። ወጥቼ አለቀስኩና ተመልሼ ሥራዬን ያዝኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማማ አቻላ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። «ዶክተር! ሲስተር! ና! ና እይ!» ታችኛዋ መስመር ላይ እንኳ ያልደረሰ ጥቁር ሽንት ነበር። ዶክተር ታምሩ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ጨመረ፤ ከዚያም ጨመረ፣ ነጣ። ዶክተሩ ወባ በርትቶ ወደ ነበረባት አቦቦ ለጥቂት ቀናት ሲጠራ «እንዳወጣው ልክ መጠጡን አሳድጉለት፤ ኦ አር ኤስም፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር፣ ይጨመር» ብሎን ሄደ። ትእዛዙን ለተረኛው ነርስ አስተላለፍኩ። ሁሉ ነገር ደህና ሆነ ስንል እኔን ወባ አንቀጥቅጦ ቤቴ ጣለኝ።

ስመለስ ክፍሉ ጭር ብሏል። ኦባንግ ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ተሰርጉዶ፣ የሚያየውን የማያውቅ ሆኖ ተጋድሟል። የደም ሥሩ ክር ይመስላል፤ ይሮጣል። እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ የውሃውን ጆግ እቅፏ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ከአልጋው ሥር ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤ አጠገቡ ሌላ ባልዲም ሞልቷል።

ተረኛው ነርስ ተከትሎኝ ገባ። «ልሰጠው ስል ትከለክለኛለች፤ ጉሉኮስ እንኳ አታስነካኝም» አለ። «‹ሲስተር ናት ያዘዘችው› ትላለች። ምን ላድርግ?»

«አንድ ብርጭቆ» አለች ማማ አቻላ፣ በኩራት። «አንድ ብርጭቆ ብቻ ሰጠሁ። ፓስተር መጣ፣ መለስኩ። ወንድሜ መጣ፣ መለስኩ። ይህም ልጅ መጣ፣ መለስኩ።»

ውሃ እንደሚገድል በሚገባ አስተምረናታል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ማንም የነገራት የለም። ኦባንግ ኩላሊቱ ነቅቶ ሳለ በጥማት ሊሞት ነው፤ በእናቱ ታማኝነት።

«ማማ፣ አሁን ስጪው» አልኳት። «ያሻውን ያህል።»

ጆጉን ይበልጥ አቀፈችው። «አንተ አልክ፣ ውሃ ይገድላል። ዛሬ ሌላ ትላለህ? አሞሃል፤ ፊትህ ቢጫ ነው። ዶክተር ይምጣ።»

ዶክተሩ አቦቦ ነው፤ ኦባንግ ደግሞ እሱ እስኪመጣ የሚቆይ አልነበረም። ቀምቶ ማጠጣት ይቻል ነበር። ግን ዞር ስል ከእጁ ላይ እንደምትነጥቀው አውቃለሁ፤ ኦባንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም መጠጣት አለበት። ማመን አለባት።

ወለሉ ላይ ተንበረከክኩና የሞላውን ጀሪካንና ባልዲውን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። የሰጠችበትን ብርጭቆ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። «ይህ ከልጅሽ የወጣው ነው። ይህ አንቺ የመለስሽለት ነው። እዪ» አልኳት። «ኩላሊቱ ነቅቷል፣ ግን ሥራውን ረስቷል። ማውጣቱን ያውቃል፤ መመለሱን ገና አልጀመረም። ያገኘውን ሁሉ ደጅ እየጣለ ነው። እስኪያስታውስ ድረስ እኛ እየመለስንለት እንቆያለን።»

«ሲያብጥስ?»

አውራ ጣቷን ይዤ ቅልጥሙ ላይ አስጫንኳት። ጉድጓድ አልተወም፤ አጥንት ብቻ ነው። ከዚያ የሆዱን ቆዳ በጣቶቿ ቆንጥጣ እንድትለቀው አደረግኩ። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። ማማ አቻላ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ የያዘች ሴት ናት፤ የደረቀ ምን እንደሚመስል በጣቷ ታውቃለች። ፊቷ ተለወጠ። ጆጉን ከእቅፏ አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ከለከልክ፣ አንተ አጠጣ» አለችኝ። «እኔ እጄ ይፈራል።»

ኦ አር ኤሱን በጥብጬ፣ የኦባንግን አንገት በክንዴ ደግፌ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ በአገጩ ፈሰሰ። ደገምኩ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ እናቱ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ እስትንፋሷን ይዛ። ዋጠ። እንደገና ዋጠ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ምላሱ ከንፈሩን ላሰና «ጨምሪ» አለ፤ ከአንጀቱ የወጣ፣ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

ኦባንግ ከሳምንታት በኋላ በእግሩ ቤቱ ገብቷል። በዚያ ክፍልም ከዚያ ወዲህ «አትስጡ» ያለ ሁሉ «እስከዚህ ጊዜ ድረስ» ሳይል አይወጣም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸኝ ድረስም አስከብሬዋለሁ። እኔ ግን ልጁ ዳነ የምለው በእግሩ የሄደ ቀን አይደለም። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሞልቼ ወደ አፉ ላደርሰው ስል ማማ አቻላ ብርጭቆውን ወሰደችብኝ፤ ልጇም ከእናቱ እጅ ጠጣ።